ስለ ብየዳ ማሽን ንግድ፤ በፊቱ የተጻፈው ቁጥርና በውስጡ ያለው ጉልበት

በመርካቶ ከሚገኙት የኤሌክትሪክና የሥራ መሣሪያ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ የብየዳ ማሽን ለሚጠይቅ ሰው፣ ባለሱቁ አስቀድሞ የሚያሳየው በማሽኑ ፊት በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። 200 የሚል አለ፤ 250 የሚል አለ፤ 300ና ከዚያም በላይ የሚል አይጠፋም። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማሽኑ የበረታ መስሎ ስለሚታይ፣ ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የገዢው ዐይን ወዲያው ወደ ትልቁ ያዘነብላል። ማሽኑ ግን በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ክብደቱ ከአራትና ከአምስት ኪሎ የማይበልጥ፣ የመስመር ገመዱም ከውሃ ማሞቂያ ገመድ የማይወፍር ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ከወዴት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው ግን ይህንኑ አስመጪውን የሚጠይቅ ባለሱቅ ከዚያም ያነሰ መሆኑ ነው።

እኔም ከማይጠይቁት ሻጮች አንዱ ነበርሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ እየሠራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ከሱቄ 250 የተጻፈበትን ማሽን ገዝቶ ሄደ። በሳምንቱ ማሽኑን ይዞ ተመለሰና አራት አምስት ኤሌክትሮድ ካቃጠለ በኋላ ቢጫ መብራት እያበራ ይቆማል አለኝ፤ በሌላ ለወጥሁለት። ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በእጁ የያዘው ማሽኑን ሳይሆን ቀልጦ የጠቆረ ሶኬት ነበር። «ጋሼ፣ ማሽኑስ ይቅር፤ የቤቱ ባለቤት መስመሬን አቃጠልህ ብለው ሊያስወጡኝ ነው» አለ። ገንዘቡን መለስሁለት። ነገር ግን ቀብድ የተቀበለበት በር በቀኑ ሳይደርስ ስለ ቀረ ደንበኛው ወደ ሌላ ሠሪ ሄደበት፤ ያን እኔ ልመልስለት የምችለው ነገር አልነበረም። ማሽኑን ለባለሙያ አስከፍቼ ባስመረምር ብልሽት አልተገኘበትም፤ የሚችለውን ያህል ሠርቶ፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ቆሟል። ውሸታሙ ማሽኑ ሳይሆን በፊቱ የተጻፈው ቁጥር ነበር።

ይህ ነገር ምሥጢር አይደለም፤ በማባዛትና በማካፈል የሚታወቅ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ለብየዳ ማሽኖች ባወጣው በ60974 ቁጥር በሚታወቀው ደረጃ መሠረት፣ በኤሌክትሮድ የሚበይድ ማሽን 100 አምፔር ሲሰጥ በ24 ቮልት፣ 200 ሲሰጥ በ28 ቮልት፣ 300 ሲሰጥ በ32 ቮልት ሆኖ ይለካል። እንግዲህ 300 በ32 ሲባዛ 9,600 ዋት ይሆናል። ማናቸውም ማሽን ከተቀበለው ኃይል ጥቂቱን በሙቀት ስለሚያባክን፣ ደኅና የተባለው ኢንቨርተር እንኳ ከመቶ 80 ወይም 85 እጁን ብቻ ለሥራ ያውላል። ስለዚህ 9,600 ዋት ለማውጣት 12,000 ዋት ያህል ከመስመሩ መሳብ ሊኖርበት ነው፤ ይህም በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ54 አምፔር ያላነሰ ማለት ነው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ግን የተሠራው ለ16 አምፔር ነው።

ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ብንሠራውም ያው ነው። 16 አምፔር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ይሆናል። ከዚህ ላይ የሚባክነው ሲነሣ ለብየዳው የሚተርፈው 2,800 ዋት ገደማ ነው፤ ይህም በ100ና በ115 አምፔር መካከል ያለ ብየዳ ነው። ርካሾቹ ኢንቨርተሮች ኤሌክትሪኩን ከመስመሩ የሚስቡት በተቆራረጠ ሁኔታ ስለ ሆነ በእውነተኛው ሥራ ላይ ቁጥሩ ከዚህም ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ከቤቱ ሶኬት ላይ ሰክቶ ሊሠራ የሚፈልግ ከሆነ፣ በማሽኑ ፊት 160 ይጻፍ 400 ይጻፍ፣ በረጅም ሥራ ላይ የሚያገኘው 100 አምፔር ያህል ነው። የቀረው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ነገር ግን ይህ 100 አምፔር የሚናቅ አይደለም። ለቤት ጥገናና ለቀላል ሥራ የሚሆነው 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 100 አምፔር ቢያገኝ ይበቃዋል። የበር ማጠፊያ ለመበየድ፣ የተሰበረ የወንበር እግር ለመቀጠል፣ ከቱቦላሬና ከአንጎላሬ የመስኮት ፍርግርግ ለመግጠም ከዚህ የሚበልጥ አያሻም። 3.2 ሚሊ ሜትሩ ከ90 እስከ 140 አምፔር ይፈልጋል፤ ይህም ወፈር ላለ ብረት፣ ለጋሪና ለተሳቢ አካል የሚሆን ነው። ስለዚህ አብዛኛው ገዢያችን የሚያስፈልገው በእውነት 120 ወይም 140 የሆነ ማሽን ሆኖ ሳለ እኛ የምንሸጥለት በሐሰት 300 የሆነውን ነው። ለሚያስፈልገው ነገር የሚበቃ እውነት እያለን ለምን እንዋሻለን?

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር የጊዜ ድርሻው ነው። በማሽኑ ጀርባ ወይም ጎን ላይ ትንሽ ሠሌዳ አለች፤ በርካታ ባለሱቆች አንድ ቀንም አላነበቧትም። በእርሷ ላይ ከአምፔሩ ጋራ 20 በመቶ፣ 60 በመቶ፣ 100 በመቶ የሚል ተጽፎ ይገኛል። ትርጉሙም ከዐሥር ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ በዚያ አምፔር ሳይግል ሊበይድ የሚችለው ስንቱን ያህል እንደ ሆነ ነው። 200 አምፔር በ20 በመቶ የሚል ከሆነ ሁለት ደቂቃ በይዶ ስምንት ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ይኸው ማሽን ስድስት ደቂቃ በይዶ አራት ደቂቃ እንዲያርፍ ከተፈለገ 115 አምፔር ያህል፣ ያለ ዕረፍት እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ 90 ያህል ነው የሚሰጠው። ለቤት ጥገና 20 በመቶ ይበቃል፤ ሰውየው አንዱን በይዶ ሌላውን እስኪለካና እስኪያስተካክል ማሽኑ ያርፋልና። ከጠዋት እስከ ማታ በር ለሚሠራ ሰው ግን ሊታይ የሚገባው በ60 በመቶ አንጻር የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ያ ወጣት የሠሌዳውን ንባብ ቢያውቅ፣ ወይም እኔ አውቄ ብነግረው ኖሮ ማሽኑን ባልገዛው ነበር። ሠሌዳ የሌለው፣ ወይም በሠሌዳው ላይ የጊዜ ድርሻው ያልተጻፈበት ማሽን ቢያጋጥምም፣ ይህ ዝምታ ራሱ መልስ ስለ ሆነ አስመጪው መግዛት አይገባውም።

በዚሁ ላይ ስለ አገራችን አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር። ያው ደረጃ ማሽኑ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቦታ እንዲሠራ አድርጎ ነው የሚመድበው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ ሃያ እጅ ያህል፣ ከዚያም በላይ የሳሳ ስለ ሆነ ማራገቢያው የቱንም ያህል ቢዞር ማሽኑን የሚያበርደው አየር ጥቂት ነው። እርግጥ ነው፣ የደጋው ብርድ ጥቂት ይክሳል፤ ስለዚህ ነገሩን ከመጠን በላይ ማስፈራሪያ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን አንዳንድ ፋብሪካዎች በ40 ዲግሪ ሳይሆን በ20 ዲግሪ ሙቀት ለክተው ሠሌዳውን ስለሚጽፉ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሰመራ ለሚላክ ዕቃ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። የመብራት መስመር ወደሌለበት ሥፍራ በጄኔሬተር ለመሥራት የሚገዛ ደንበኛም ሲመጣ ከፍታው ይበልጥ ያሳስባል። ተራው የነዳጅ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ስለሚያጣ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከሠሌዳው ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋው ይጎድላል። ይህን ሳይነግር ጄኔሬተርና የብየዳ ማሽን አዛምዶ የሚሸጥ ሰው ሁለቱንም ዕቃ አንድ ላይ ያስወቅሳል።

«እውነቱን ብናገር እኔ እከስራለሁ፤ ጎረቤቴ 300 የተጻፈበትን በዚያው ዋጋ ሲሸጥ የእኔን 140 ማን ይገዛዋል?» የሚል መልስ ከብዙ ነጋዴ አፍ እሰማለሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም ራሴ ለዓመታት የተናገርሁት ነው። ፋብሪካው በማሽኑ ፊት የሚያትመው ቁጥር አስመጪው ያዘዘውን ነው፤ እንደ ቀለሙና እንደ ንግድ ምልክቱ ሁሉ በትእዛዝ የሚለወጥ ነገር ሆኗል። ስለዚህ አንዱ አስመጪ 250 ብሎ ሲያዝ ሌላው 300 ይላል፤ ሦስተኛው እንዳይበለጥ 400 ያሳትማል፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ግን ለሦስቱም አንድ ነው። ይህ ሽቅድምድም ማንንም አላበለጸገም። ዋጋው ወደ ታች ወረደ፤ ከዋጋው ጋራ መዳቡ ቀጠነ፤ ማራገቢያው አነሰ፤ የተመለሰ ዕቃ ከየሱቁ ጀርባ ተከመረ። በዓመት መጨረሻ ይህን ክምር ቆጥሮ ትርፉ ላይ የሚያስበው ነጋዴ ስንት ነው?

በእኔ በኩል ነገሩን የለወጠው አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በገመዱ ዙሪያ ተቆንጥጦ የሚለካ የአምፔር መለኪያ። (በኢንቨርተር ላይ ለመሥራት ዲሲ የሚለካው ዐይነት መሆን አለበት፤ ኤሲ ብቻ የሚለካው ዋጋ የለውም።) በሱቁ ጀርባ ለዚሁ ተብሎ በወፍራም ገመድና በራሱ ብሬከር የተዘረጋ መስመር፣ ቁራጭ ብረትና ጥቂት ኤሌክትሮድ አስቀመጥሁ። ገዢው ሲመጣ 300 የተጻፈበትንም 140 የተጻፈበትንም እፊቱ አብርቼ በይጄ ቁጥሩን ራሱ እንዲያነብ አደርጋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይናደዳል፤ አንዳንዱም ይህን ሁሉ ዐይቶ ሲያበቃ ያንኑ 300ውን ገዝቶ ይሄዳል፤ ሰው ነውና። አብዛኛው ግን ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄ የጀመረ ገዢ ደግሞ ከዋጋ ክርክር አልፎ ወደ ሥራው ጉዳይ ስለሚገባ ለእሱ የሚስማማውን መምረጥ ይቻላል።

ባለሱቁም በበኩሉ ሊጠይቅ ይገባዋል። የምትበይደው ምንድን ነው? ውፍረቱ ስንት ነው? በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለህ? ቆጣሪህ ባለ አንድ ፌዝ ነው ባለ ሦስት? ከቆጣሪው እስከምትሠራበት ቦታ ስንት ሜትር ነው? የመጨረሻይቱ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ማሽን ያቃጠለችው ግን እርሷ ናት። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ማራዘሚያ ሠላሳ ሜትር ርቆ የሚበይድ ሰው ከቮልቱ የተወሰነውን በገመዱ ላይ ጥሎ ነው የሚደርሰው፤ ገመዱ ይግላል፤ ማሽኑም በጎደለ ቮልት ስለሚሠራ ይሠቃያል። በምሽት የሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲበራ ደግሞ ይብሳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ትልቅ ማሽን ከመሸጥ ወፍራም ገመድ መሸጥ ይሻላል።

ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያለው፣ በር ሲሠራ የሚውል ወርክሾፕ በ380 ቮልት የሚሠራ፣ በ60 በመቶ ከ160 እስከ 200 አምፔር የሚሰጥ ማሽን ቢገዛ ዋጋው ቢከብደውም በአንድ ዓመት ሥራ ይመልሰዋል። የመኪና አካል የሚጠግን ጋራዥ ሲመጣ ግን በኤሌክትሮድ የሚበይድ ማሽን ከናካቴው ሊሸጥለት አይገባም፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚቀጥነው ላሜራ ተበስቶ ይቀራልና። ለእርሱ የሚሆነው ሽቦ እየመገበ በጋዝ የሚበይደው ዐይነት ነው።

በትራንስፎርመርና በኢንቨርተር መካከል ስላለው ምርጫ ብዙ ይባላል። የድሮው ትራንስፎርመር ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ያነሣዋል፤ መስመሩንም አብዝቶ ይስባል። ነገር ግን በውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅልና የብረት እምብርት ብቻ ስለ ሆነ አቧራ አይፈራም፤ ጥቅሉ ቢቃጠል በየከተማው ያለ የሞተር ጠቅላይ ይመልሰዋል። ኢንቨርተሩ ቀላልና ቆጣቢ ነው፤ የቅስቱም እሳት የተረጋጋ ስለ ሆነ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ጠላቱ የብረት ብናኝ ነው። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግራይንደርና ኢንቨርተር ጎን ለጎን ሲሠሩ ማራገቢያው ያንን የብረት ብናኝ እየሳበ በውስጡ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ያነጥፈዋል፤ በወራት ውስጥ ተገናኝቶ ያቃጥለዋል። ማሽኑን ከግራይንደሩ አርቆ ማስቀመጥ፣ በየወሩም በደረቅ አየር ማናፈስ ብቻ ይህን ይከላከላል፤ ይህን ምክር ከማሽኑ ጋራ በአማርኛ ጽፎ የሚሰጥ አስመጪ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ ሁለቱን ከመረጥሁ ለከተማ ኢንቨርተር፣ ጠጋኝ ለሌለበት ለሩቅ ወረዳ ደግሞ መዳብ የተጠቀለለበትን ትራንስፎርመር እላለሁ። መዳብ ያልሁት በምክንያት ነው፤ በአሉሚኒየም የተጠቀለለውም «መዳብ» እየተባለ ይሸጣልና። በብየዳ ገመድም ላይ ያው ማታለል አለ፤ ከላይ መዳብ የተለበጠ ከውስጥ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ በገበያው ሞልቷል። አንዱን ክር በቢላ ሲፍቁት ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

የመለዋወጫው ነገር ከሁሉ ይልቅ የአስመጪው ኃላፊነት ነው። መቶ ኢንቨርተር ያስመጣ ሰው ዐሥር የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ጥቂት ማራገቢያና ማብሪያ ማጥፊያ አብሮ ቢያዝ በጠቅላላው ዋጋ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ይህ ባለመደረጉ በሃያ ብር ዕቃ ጉድለት የሚጣል ማሽን ስንት ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ጊዜ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ እንደ ዘለለ፣ በሳምንታት ውስጥም ከመቶ ብር እንዳለፈ ሁላችን እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ በስድስት ወር ውስጥ ለሚጣል ዕቃ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት ለአገርም ለነጋዴም ኪሳራው እጥፍ ነው።

ላኪዎች ወንድሞቻችን ይህ እኛን አይመለከተንም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የቡናው ማጠቢያ ጣቢያ፣ የሰሊጡ ማበጠሪያ፣ የጭነት መኪናው ተሳቢ የሚሰበረው በምርት ወራት ነው፤ የሚጠገነውም በአቅራቢያው ባለ በያጅ ነው። ያ በያጅ የያዘው ማሽን በእውነቱ 90 አምፔር ሆኖ ሳለ 250 መስሎት ወፍራሙን ብረት ከላይ ከላይ ለጥፎ ቢሰድደው፣ ብየዳው በመንገድ ላይ ይለቅና ጭነቱ ወደቡ ከሚደርስበት ቀን ይዘገያል። ብየዳ ከላይ ሲያዩት አምሮ ከውስጥ ያልያዘ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከባድ ነገር ሲጫንበት ብቻ ነው።

ስለ ኤሌክትሮዱም ጥቂት ልበል። በገበያችን የሚበዛው 6013 የሚባለው ነው፤ ለቀላል ሥራ የተመቸ፣ በሁሉም ዐይነት ማሽን የሚነድ ነው። ከባድ ጭነት ለሚሸከም ብረት የሚታዘዘው 7018 ግን እርጥበትን እጅግ ይጠላል። ይህን ኤሌክትሮድ ፓኬቱን ቀድዶ በፍሬ እየቆጠሩ መሸጥ፣ በክረምትም በሲሚንቶ ወለል ላይ መደርደር ዕቃውን ማበላሸት ነው። እርጥበት የገባበት 7018 ሲበየድ ብረቱ በኋላ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል፤ ሻጩም ገዢውም ምክንያቱን አያውቁም። ቢያንስ ከወለሉ ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ፣ ሳይቀደድ ይቀመጥ።

ማሽን የሚሸጥ ሁሉ መከላከያውንም አብሮ ይሽጥ። በየሰፈሩ በፀሐይ መነጽር የሚበይዱ ወጣቶችን፣ አጠገባቸውም ያለ ምንም መከላከያ ብረት የሚይዙ ልጆችን እናያለን። ሌሊቱን ዐይናቸው አሸዋ የተረጨበት ያህል ሲያቃጥላቸው ያድራል፤ ይህ ሲደጋገምም ዐይንን ይጎዳል። እስከ 150 አምፔር ለሚደርስ ብየዳ 10 ቁጥር መስታወት ያለው ጭንብል ይበቃል፤ ዋጋውም ከማሽኑ ዋጋ አጠገብ የሚቈጠር አይደለም። ዚንክ የተለበጠውን ላሜራ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መበየድም ትኩሳት የሚያመጣ ጭስ እንዳለው መናገር የሻጭ ግዴታ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዛል። በደረሰኝ ላይ «የብየዳ ማሽን፣ 1» ብለን ብቻ የምንጽፈው ከዚህ ዋስትና ለመሸሽ ከሆነ መሸሻው ደካማ ነው። በደረሰኙ ላይ «በ60 በመቶ ይህን ያህል አምፔር፣ ከመስመሩ የሚስበው ይህን ያህል» ተብሎ ቢጻፍ ለገዢውም ለሻጩም ጥበቃ ነው፤ ገዢው ከተጻፈው በላይ ጠይቆ ቢመጣ ሻጩ የሚያሳየው ነገር አለውና።

ስለዚህ ለምክር ቤታችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሥራ መሣሪያ አስመጪዎች በአንድ ጉባኤ ተገናኝተው፣ በሠሌዳው ላይ በ60 በመቶ አንጻር ከተጻፈው አምፔር የበለጠ ቁጥር በማሽኑ ፊት እንዳይታተም ይስማሙ። ትእዛዝ ከመላካቸው በፊት ፋብሪካው በ60974 ደረጃ ያስፈተነበትን ወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀቱን የማይሰጥ ፋብሪካ ደንበኛ ለማግኘት ወደ ሌላ ይሂድ። ከሚመጣው ዕቃ ሁለት ሦስቱን በምክር ቤቱ በኩል በገለልተኛ ባለሙያ አስለክቶ ውጤቱን በዚህ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ይቻላል። ለመለኪያው የሚሆነው መሣሪያ ከእኔ ሱቅ ጀርባ አለ፤ ጉባኤው እስኪጠራ ድረስ ማሽኑን ይዞ ለሚመጣ ማንኛውም ነጋዴ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ ያለ ዋጋ እለካለታለሁ፤ ኤሌክትሮዱን ግን ራሱ ይዞ ይምጣ።